ጠዋት ያለኝ ወኔ አራት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ እናንተ ቀኑን በምን ትይዙታላችሁ?

የቆጪ ልጅ
ታኅሣሥ 18

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጅማ ነው፣ ቆጪ ሰፈር። ዕድሜዬ 26 ነው፤ በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንጀራውን በባጃጅ ጭኜ አራት ቤት አደርሳለሁ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑ ባዶ ነው።

ሥራ ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም። ጅማ ውስጥ ማስታወቂያ የሚለጠፍበትን ግድግዳ ሁሉ አውቀዋለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፉንም የቃሉንም ፈተና አልፌ "ስማችሁ ይለጠፋል" ተብለን ሦስት ወር ጠበቅን፤ ሳይለጠፍ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ ለመጻፍ ስቀመጥ እጄ ይከብደኛል።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ጠዋት ዓይኔን እንደገለጥኩ ስልኬን አነሳለሁ። የማበረታቻ መልእክት የሚለጥፉ ሦስት የቴሌግራም ቻናሎች አሉኝ። ሳነባቸው ልቤ ይሞቃል፣ ለጓደኞቼም እልካለሁ። እንጀራውን አድርሼ ስመለስ ግን ያ ሙቀት የለም። አራት ሰዓት ላይ በራችን ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ መንገደኛ ስቆጥር እገኛለሁ። ተማሪው፣ ገበያተኛዋ፣ ባለ ጋሪው፣ ሁሉም የሚሄድበት አለው። እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኛል።

ኅዳር ላይ ጠንከር ያለ እቅድ አውጥቼ ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ መሮጥ፤ ሁለት ሰዓት እንግሊዝኛ፤ ሁለት ሰዓት ኮምፒውተር፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፍለጋ፤ ማታ ንባብ፤ ስልክ ጭራሽ ማቆም። ሦስት ቀን ሞላሁት። በአራተኛው ቀን እናቴን አመማትና ሳስታምማት ዋልኩ። በአምስተኛው ቀን እንጀራውን አድርሼ ተመልሼ ተኛሁ። እቅዱ የተጻፈበት ወረቀት አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፤ እንዳላየው ፊቴን አዙሬ ነው የምተኛው።

"ቀና አስብ" የሚለኝ ሰው አላጣሁም። የምጠይቃችሁ፣ ከእናንተ ውስጥ በእውነት ቀኑን ሙሉ በቀና ልብ የሚውል ሰው ካለ፣ ምን ምን እያደረገ እንደሚውል ይንገረኝ። ምክሩ ሳይሆን ውሎው ነው የቸገረኝ።


ሜንጢና
ታኅሣሥ 18

ወንድሜ፣ ከእኔ አንድ ነገር ብቻ። ስልክህን ማታ ኩሽና ቻርጅ አድርገው። እኔ እንደዚያ ካደረግኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጠዋት መጀመሪያ የማየው የሌላ ሰው ቃል መሆኑ ቀርቶ የልጄ ፊት ሆኗል። ቻናሎቹን አጥፋ አልልህም፣ እኔም አነባለሁ፤ ግን ምሳ ላይ ነው የማነባቸው። ጠዋት አልጋ ላይ ስታነብ ምንም ሳትሠራ የሠራህ ያህል ይሰማሃል፤ ያ ነው ቶሎ የሚያልቀው።


የጎማ ገበሬ ልጅ
ታኅሣሥ 18

ያ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት አባቴን አስታወሰኝ።

አገሬ ጎማ ነው፣ ከአጋሮ ወጣ ብሎ። ያረጀ ቡና ፍሬው ሲቀንስ ይጎነደላል። ግንዱ ከመሬት 30፣ 40 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ሲቆረጥ ገደድ ይደረጋል፣ ዝናቡ ላዩ ላይ ተኝቶ ጉቶውን እንዳያበሰብሰው። ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ጠንከር ያሉት ሁለት ሦስቱ ይቀሩና ሌላው ይነሳል። ሁሉም ይደግ ከተባለ ተሻምተው ሁሉም ቀጫጫ ይሆናሉ። የተጎነደለ ቡና እንደገና ደህና ፍሬ እስኪይዝ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ይጠበቃል።

አባቴ ማሳውን ሙሉ በአንድ ዓመት ጎንድሎ አያውቅም። በየዓመቱ አንድ ጥግ። ልጅ ሆኜ "ሁሉንም ዛሬ ቆርጠን ለምን አንገላገልም?" ብዬው "እስከዚያ ምን ልትበላ?" አለኝ። አንተ ግን ጠዋትህን፣ ከሰዓትህን፣ ማታህን፣ እንቅልፍህን በአንድ ቀን ጎነደልከው። እናትህ ባይታመሙም በአሥረኛው ቀን ትወድቅ ነበር፤ ስንፍና ስላለብህ አይደለም፣ የምትበላው ቀንበጥ ስላላስቀረህ ነው።

እኔ አሁን ጅማ እንጨት ቤት ነው የምሠራው፣ በርጩማ። ስገባ ጌታው መጋዝም መሮም አላስነኩኝም። ስድስት ወር ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው ያሸሁት። የበርጩማውን መቀመጫ በእንጨቱ ደም ሥር አቅጣጫ እያሸሁ፣ በመዳፌ እየዳሰስኩ፣ ሻካራ ያለበትን እንደገና። በጣም ይሰለቸኝ ነበር፤ ግን ማታ ስወጣ "ዛሬ አራት ጨርሻለሁ" ማለት እችል ነበር። ከስድስቱ እቅድህ አንዱን ምረጥ። ማታ ላይ ቆጥረህ "ይኼን ጨርሻለሁ" የምትለውን።


የችግኝ እናት
ታኅሣሥ 19

ልጄ፣ እንደምን አመሸህ። ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት አንድ ነገር ዘለህ ስላየሁ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ውሎዬን ጠይቀሃልና እሱን ልንገርህ። ሊረዝም ነው፣ ታገሰኝ።

61 ዓመቴ ነው። ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጓሮዬ ውስጥ የቡና ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ። ሥራውን ከባለቤቴ ጋር ነበር የጀመርነው። እሱ በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አረፈ። በዚያ ዓመት ለክረምት ተከላ የደረሰ አምስት ሺህ ችግኝ ነበረን። ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ሦስት ሺውን አንድ ሰው በዱቤ ወሰደ፤ ገንዘቡን እስከ ዛሬ አላየሁትም። የቀረውን ውሃ የሚያጠጣው ጠፍቶ ብዙው ደረቀ። ለቅሶ ደራሹ ሲያልቅ ቤቱ ጭር አለ። እኔም ተኛሁ። አልታመምኩም፤ ግን የምነሳበት ነገር አላገኘሁም። ስለዚህ ያን የበርህን ደፍ አውቀዋለሁ። የእኔ አልጋው ነበር እንጂ ቦታው አንድ ነው።

አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ፣ አሁን በሕይወት የለችም፣ ነፍሷን ይማር፤ የእሷ ቤተሰቦች ደግሞ አላህ ይዘንላት ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ "አካም ቡልቴ?" ትለኛለች፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። ደህና እላለሁ። ቀጥላ ትጠይቀኛለች፦ "ዛሬ ማን ይጠብቅሻል?"

"ማንም።"

አትመክረኝም፣ አትቆጣኝም። "እንግዲያው እኔ እጠብቅሻለሁ። ቡናው ሦስት ሰዓት ላይ ይፈላል፤ ሲኒሽን ለይቼ አስቀምጣለሁ" ብላ ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ የሄድኩት አፍሬ ነው። ሲኒ ተቀምጦልኝ፣ ረከቦቱ ላይ ባዶውን ሲውል ይታየኝ ነበር። ሄጄ አቦል ጠጥቼ እመለስና እተኛለሁ። ከሳምንት በኋላ ቶናውን ጠበቅኩ። ከዚያ በረካውንም። የተሻለኝ ቀን የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ኅዳር ላይ አንድ ጣሳ ቀይ እሸት ቡና ይዛ መጣች። "እኔ አላውቅበትም፣ መቶ ችግኝ አፍይልኝ፤ ለልጄ መሬት ላይ ነው" አለች። ቡና ስታፈላ የኖረች ሴት ናት፣ ችግኝ ማፍላት አያቅታትም ነበር። እኔም ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

ልጄ፣ የቡናን ዘር አይተህ ካላወቅክ ልንገርህ። ቀዩ እሸት በእጅ ይፈለፈላል፣ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ዘርነቱ ይበላሻል። ጥቁሩ የችግኝ ከረጢት የላይ አፈር፣ ብስባሽና ትንሽ አሸዋ ተቀላቅሎ ይሞላል። ፍሬው ጠፍጣፋው ጎኑ ወደ ታች ሆኖ የጥፍር ያህል ይቀበራል፣ ላዩ ሣር ይጎዘጎዛል። ከዚያ ስድስት ሳምንት፣ ስምንት ሳምንት ምንም የለም። ባዶ አፈር ነው የምታጠጣው። ጎረቤቴ የሰጠችኝን መቶ ከረጢት ጠዋት ጠዋት ሳጠጣ "ማንም ቢያየኝ አበደች ይላል" እያልኩ ነበር። ግን ማጠጣት አላቆምኩም፤ የራሴ ቢሆን አቆም ነበር፣ የሰው አደራ ስለሆነ ነው።

በሃምሳ ሦስተኛው ቀን ሣሩን ገለጥ ሳደርግ አንዲት ነገር አፈሩን ሰንጥቃ ወጥታለች። መጀመሪያ ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ነው፣ እንደ መንጠቆ ታጥፋ። ከቀናት በኋላ ቀና ትላለች። ቀና የምትለው ደግሞ ያን የተዘራውን ፍሬ እንዳለ አናቷ ላይ ተሸክማ ነው፤ ክብሪት ትመስላለች። ፍሬው ወዲያው አይወድቅም። ውስጥ ውስጡን ጊዜዋን ጠብቃ ሁለት ክብ ቅጠል ስትዘረጋ ያኔ ልባሱ ይወልቃል። እኔ "ቀና" የሚለውን ቃል የምረዳው በዚህ ነው። ያለቀሰ ሰው፣ ሥራ ያጣ ሰው "ቀና በል" ሲባል ሸክምህን ጣል የተባለ እየመሰለው ይናደዳል። አይደለም። ከነሸክሟ ነው የምትነሳው።

አሁን ውሎዬ ይኼ ነው። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጸሎቴን አድርሼ ወደ መደቡ እወርዳለሁ። ፀሐይ ሳይበረታ አጠጣለሁ። ዳሱን አያለሁ፤ ችግኙ ባደገ ቁጥር ጥላው በጥቂት በጥቂቱ ይሳሳል። አንድ ዓመት ቸኩዬ በአንድ ቀን ገፍፌው ቅጠሉ ሁሉ ተቃጥሎ አምሽቶ አየሁት፤ ያ ከጎማ የጻፈው ልጅ ያለውን እውነት ነው የምልህ ለዚህ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ቡና አፈላለሁ፤ አሁን ሲኒ የማስቀምጠው እኔ ነኝ፣ ሰፈር ውስጥ ያዘነ ሰው አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ አረም። ማታ ከመተኛቴ በፊት ያን ጥያቄ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ነገ ማን ይጠብቀኛል? አንድ ስም ይበቃኛል። አንዳንድ ቀን ሰው ነው፣ አንዳንድ ቀን ሦስተኛው መደብ ነው። ጠዋት አልጠይቅም፤ ጠዋት ልብ ሰነፍ ነው፣ "ማንም" ሊልህ ይችላል። ማታ ከተመለሰ ጠዋት መነሳት ብቻ ነው።

ሌላ ደግሞ አንድ ነገር። የምዘራው ዘር ቁጥር አለው፦ 74110፣ 74112፣ 74165 እያልን ነው የምንጠራው። በፈረንጅ 1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ታየ። አረንጓዴው ፍሬ ይጠቁርና ዛፉ ላይ እንዳለ ይደርቃል፤ ማሳው ሙሉ ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ የምርምር ሰዎች በበሽታው መሐል ገብተው ፍሬያቸው ያልጠቆረውን እናት ዛፎች እየፈለጉ ዘራቸውን ወሰዱ። 74 የሚለው የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። እዚሁ መልኮ ባለው የምርምር ማዕከል ያሉ ሰዎች ናቸው ይህን ያስረዱኝ፤ እኔም ዘር በቆጠርኩ ቁጥር አስበዋለሁ። እነዚያ ሰዎች በሽታ የለም አላሉም። የታመመውንም ቆጥረዋል። ግን ጫካ ሲገቡ ዓይናቸው የሚፈልገው ያልታመመውን ዛፍ ነበር፤ የዛሬው ዘር ከእሱ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ዘለልከው ልምጣ። አንተ የታመመውን ሁሉ ቆጥረህ ጽፈኸዋል፤ ያልተለጠፈው ስም፣ ያልሞላው እቅድ፣ ባዶው ቀን። ጤነኛውን ዛፍ ግን በአንድ መስመር አለፍከው። አራት ምግብ ቤት አስራ ሁለት ተኩል ላይ አንተን ይጠብቃል ልጄ። አንተ ካልደረስክ ባለ ፍርፍሩ ቁርሱን አያገኝም፣ የእናትህ ድካምም እቤት ይደርቃል። እንዲያውም እቅድህን በተውክበት በዚያ በአምስተኛው ቀን እንኳ "እንጀራውን አድርሼ ተመልሼ ተኛሁ" ብለሃል። አድርሼ! ከእቅድህ ሁሉ ያልወደቀው ይኼ ነው፤ እቅዱ ውስጥ ግን አልጻፍከውም።

ደግሞ አካውንታንት ነህ። የእናትህን ሒሳብ ማን ነው የሚይዘው?


ነጭ ጋዋን
ታኅሣሥ 19

እማማ የጻፉትን ሳነብ ቆሜ ነው የጨረስኩት፣ ተረኛ ነኝ።

በጤና ሙያ ላይ ነኝና የእሳቸውን ቃል በእኔ ሙያ በኩል ላግዘው። ድብርት ላይ ያለን ሰው ስናክም "ስሜትህ ሲስተካከል ትሠራለህ" አንለውም። ትንሽ የሆነች፣ ሰዓት ያላት፣ ሊጨርሳት የሚችላት ሥራ እንሰጠዋለን፤ ስሜቱ ከኋላ ይከተላል። ብዙ ሰው ወኔ መጥቶ እስኪያነሳው ይጠብቃል፤ የሚሆነው በአብዛኛው በተቃራኒው ነው።

ግን ወንድሜ፣ ይህንንም ማለት አለብኝ። ዝቅ ያለ ስሜት ቀኑን አብዛኛውን ጊዜ እየዋለ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ እንቅልፍ ወይ ምግብ ከተዛባ፣ ድሮ የምትወደው ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣብህ፣ ይባስ ብሎ መሞት የሚባል ሐሳብ ከመጣ፣ ይኼ የወኔ ጉዳይ አይደለም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ጅማ ውስጥ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ ሄዶ መቀመጥ እንደ ወባ ምርመራ ነው። ጸበሉም ዱዓውም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው አያስፈልግም። አንተ እዚያ ደርሰሃል እያልኩ አይደለም። ይህንን የሚያነብ ሌላ ሰውም ስላለ ነው።


የቆጪ ልጅ
ታኅሣሥ 20

እማማ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት። "አድርሼ!" ያሉትን ሳነብ እናቴ "ምን ሆንክ?" አለችኝ፤ እያነባሁ ኖሯል።

የእናቴን ሒሳብ የሚይዘው ማንም አይደለም። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጭረት ታደርጋለች፣ ለእያንዳንዱ ቤት የተለያየ ጭረት። አራት ዓመት ተምሬ እሱን አንድ ቀን አገላብጬ አላየሁትም።

ለነጭ ጋዋን፦ እንቅልፌም ምግቤም ደህና ነው፣ ሌላውም ሐሳብ የለብኝም። ስለጠየቅከኝ ግን አመሰግናለሁ፤ እስከ ዛሬ ማንም እንደዚያ ቀጥ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ችግኝ በከተማ ግቢ ይሆናል? ያለን ቦታ ከኩሽናው ጀርባ ሁለት ሜትር የሚሆን ነው።


የችግኝ እናት
ታኅሣሥ 20

ይሆናል እንጂ! ሠላሳ ከረጢት ይበቃሃል፣ አታብዛ። ቀይ እሸት አሁንም ዛፍ ላይ አይጠፋም፤ የደረቀውን ጀንፈል እንዳትወስድ፣ ከዛፍ የተለቀመ ቀዩን ብቻ። የምትቀብረው ጠዋት ውሃ የጠጣ አፈር ላይ ይሁን። ለራስህ አትዝራው ግን። ማን እንደሚወስደው አሁኑኑ ቁረጥ።


የጎማ ገበሬ ልጅ
ታኅሣሥ 20

እሸቱን ከእኛ ማሳ አመጣልሃለሁ፤ ለሐሙስ ገበያ አባቴ ይመጣል። በውስጥ መስመር አውራኝ። ችግኙ ሲደርስ ደግሞ እኔ ነኝ የምወስደው፤ ከተጎነደለው ጥግ አጠገብ የሞቱ ጉቶዎች አሉ፣ ሠላሳው በትክክል ይገባል። ስለዚህ እኔ እጠብቅሃለሁ ማለት ነው።


የቆጪ ልጅ
የካቲት 21

ሁለት ወር ጠፍቼ ነበር፤ ያልጻፍኩት ምንም የሚጻፍ ስለሌለ ነው። ባዶ አፈር ሳጠጣ ነበር።

በመጀመሪያ ሒሳቡን ልንገራችሁ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቼ የቀን መቁጠሪያውን ጭረት ሁሉ ገለበጥኩ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ፤ እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ "ይኼ ጭረት የበዓሉ ሰሞን ነው፣ ይኼኛው በስህተት ነው" እያለች። ከአራቱ ቤቶች አንዱ የ43 ቀን እንጀራ አልከፈለም ነበር። እናቴ መዘግየቱን ታውቃለች እንጂ 43 መሆኑን አታውቅም። ደብተሩን ይዤ ሄድኩ፤ ሳልቆጣ፣ ቀኑን በቀን አሳየሁት። ሰውየው ራሱ አያውቀውም ነበር። በሦስት ጊዜ ከፍሎ ጨረሰ። አሁን ጤፉን፣ መብራቱን፣ የባጃጁን በየማታው እጽፋለሁ። ያን ያዩ ሁለት የሰፈር ሴቶች፣ አንዷ ዳቦ ጋጋሪ ናት፣ የእነሱንም እንድይዝላቸው ጠየቁኝ፤ ትንሽ ትንሽ ይከፍሉኛል። ማመልከቻ መጻፉንም አልተውኩም። በሳምንት አንድ፣ ማክሰኞ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት። እጄ አሁንም ይከብደኛል፤ ግን ይጻፋል።

የግድግዳውን ወረቀት አንስቼ የዳቦ ጋጋሪዋን ደረሰኝ ጠቀለልኩበት።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አሁንም በሩ ደፍ ላይ የምቀመጥበት ቀን አለ፣ አልዋሽም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን እንደዚያ ዋልኩ። ልዩነቱ ማታ ከረጢቶቹን ማጠጣቴ አልቀረም።

አሁን ደግሞ ዋናው! ዛሬ ከሰዓት ሣሩን ገለጥ ሳደርግ ወጥተዋል። እንዳሉት አንገታቸውን ደፍተው። ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አንዷ ግን ከወዲሁ ቀና ብላለች፣ ፍሬዋን ተሸክማ። እናቴን ጠርቼ ተንበርክከን አየናት፤ ፍሬዋ ላይ እንደ ሽንኩርት ቆዳ የሳሳ ልባስ ተጣብቆ አለ። ላውልቅላት ብዬ እጄን ሰድጄ ተውኩት። እማማ፣ ልክ ነኝ? ሣሩንስ ምን ላድርገው?


የችግኝ እናት
የካቲት 21

እልልል! ልጄ እንኳን ደስ ያለህ።

አትንካት። ልባሱን በእጅህ ካወለቅከው ቅጠሉን ይዞት ይመጣል፤ ራሷ ትጥለዋለች። ሣሩን ግን ዛሬውኑ አንሳው፣ ካለበለዚያ ከሥሩ እየተጠማዘዙ ያድጋሉ። በፀሐይ አታንሳው፣ አሁን በመሸበት አንሳው። ነገ ከጉልበትህ ከፍ አድርገህ ትንሽ ዳስ ሥራላቸው፤ የበቆሎ አገዳም የሣር ክዳንም ይሆናል። ውሃው ጠዋት ይሁን፣ ከማታው ይልቅ ጠዋቱ ይሻላቸዋል፤ ከእንጀራው በፊት ወይ በኋላ፣ አንተ ታውቃለህ። ያልወጡት አሥራ አንዱ ላይ ገና አትፍረድ፣ ሁለት ሳምንት ጨምርላቸው።


የጎማ ገበሬ ልጅ
የካቲት 21

ለአባቴ ነገርኩት። ጉድጓዱን ሚያዝያ ላይ መቆፈር እንጀምራለን፣ ሰኔ መጨረሻ እስኪተከል አፈሩ ይናፈሳል።


የቆጪ ልጅ
የካቲት 21

እሺ እማማ። ሣሩን አሁን በባትሪ አነሳሁት። ከሥሩ ሦስት ተደብቀው ነበር፣ ሃያ ሁለት ሆነዋል። ነገ አስራ ሁለት ተኩል እንጀራ አለ፤ ደህና እደሩ።